ለሰው የተሰጠ ቁጥር

ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ከሩቅም ከቅርብም እኛን ለማጽናናት የመጣችሁ ሁሉ፤ ይህን የሟች የሕይወት ታሪክ እንዲያነብ የተመረጠው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ የተመረጠውም ድምፁ እስከ ኋላ ድረስ ስለሚሰማ እንጂ ሟችን ከሌላው አብልጦ ያሞግሳል ተብሎ አይደለም። ጽሑፉ መጀመሪያ በተዘጋጀበት መልኩ ለባለቤታቸው ሲነበብላቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ይሄ ደግሞ ማነው? እኔ እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ አላውቅም። ያልነበረውን ሞተ ብላችሁ አትጨምሩበት፤ የነበረውንም አትቀንሱበት» ስላሉ፣ አሁን የምትሰሙት እንደ አዲስ የተጻፈው ነው። ስለዚህ በመካከሉ ሳቅ የሚያመልጠው ሰው ቢኖር እንደ ነውር አይቆጠርበትም፤ ፈቃዱ ከባለቤቲቱ ተገኝቷል።

በመሥሪያ ቤታቸውም በሰፈራቸውም «አጋፋሪው» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ሟች፣ በሲኒማ ቤት ቦታ አስያዥ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ሲደክሙ ከኖሩት እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ተወለዱ። አባታቸው በጨለማው አዳራሽ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዘው እየተመላለሱ፣ የእያንዳንዱን ሰው ቲኬት አይተው ከወንበሩ የሚያገናኙ፣ ሹም መጣ ነጋዴ ከቁጥሩ ውጭ የማያስቀምጡ ሰው ነበሩ። የአባትየው ሕግ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ አንደኛው ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ላይ አይቀመጥም፣ ሁለተኛው ደግሞ ደጅ ወጣ ያለ ሰው ወንበሩ አይነካበትም የሚል ነበር። ሰውዬው ለውሃ ሽንት ወጥቶ በዚያው ቢቀር እንኳ፣ ባዶው ወንበር ፊልሙን ለብቻው ያይ ነበር እንጂ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም ነበር። ሟችም ሌላው ልጅ ፊልሙን ሲያይ እሳቸው ወንበሮቹን እያዩ አደጉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሒሳብ ደህና፣ በታሪክ መካከለኛ፣ በስፖርት ግን ከነጭራሹ የሌሉ ተማሪ ሆነው ቆዩ። ከዚህ ዘመናቸው የሚነገርላቸው ነገር ቢኖር፣ የክፍሉ መምህር ወሬኞችን ለመለያየት ተማሪውን በየጊዜው ሲያቀያይሩ፣ እሳቸው ያቺኑ የመጀመሪያዋን ወንበር አለቅም ብለው፣ ወንበሯን ተሸክመው ወደ አዲሱ ቦታቸው መሄዳቸው ነው። ከዚያም የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የጽሕፈት መኪና ጥገና ተምረው፣ በውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከዚያ ንቅንቅ ሳይሉ አገለገሉ።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚያው በሲኒማ ቤቱ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ሊያዩ ገብተው ከወንበራቸው ሲደርሱ አንዲት ልብስ ሰፊ ወጣት ተቀምጣበት አገኙ፤ ቲኬት ሻጩ ተሳስቶ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። አባትየው ክርክሩን ሰምተው መጥተው፣ ሁለቱንም ቲኬቶች በባትሪያቸው አይተው፣ ለገዛ ልጃቸው ያዳላሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ «ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ላይ አይቀመጥም፤ አንተ የቤት ልጅ ነህ፣ ቁም» ብለው ፈረዱ። ሟችም ግድግዳውን ተደግፈው ፊልሙን እስከ ፍጻሜው ቆመው አዩ። መብራት ሲበራ ልጅቷ ወደ እሳቸው ቀርባ፣ ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብለው ሲጠብቁ፣ «የሱሪህ ጫፍ ተተርትሯል፤ ቆመህ ሳይህ ነው ያስተዋልኩት፤ ነገ ሱቅ ይዘኸው ና» አለቻቸው። በማግስቱ ወሰዱ። በሳምንቱም ሌላ ሱሪ ወሰዱ። ሦስተኛው ሱሪ ላይ ልጅቷ፣ ስፌቱ በምላጭ የተፈታ መሆኑን አይታ ምንም ሳትናገር ስለ ሰፋችላቸው፣ ሱሪ ሳያልቅባቸው ሽማግሌ ላኩ። ከዚህ ጋብቻም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ወደ ሥራቸው ስንመለስ፣ የጽሕፈት መኪናው ዘመን አልፎ ኮምፒውተር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ፣ ሌላው ሠራተኛ አዲሱን ዕቃ በሩቁ ሲያየው እሳቸው ክዳኑን ከፍተው ውስጡን በቀለም ብሩሽ ጠረጉት። በዚያን ጊዜ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም መጫን ዕድሜ የሚፈጅ ሥራ ስለነበር፣ ሌላው ቴክኒሺያን አስጀምሮት ለምሳ ሲወጣ፣ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ከስክሪኑ ፊት ይቀመጡና ሥራው እስኪያልቅ አይነሡም ነበር፤ ለምን ሲባሉም «የታመመ ሲነቃ አጠገቡ ሰው ማየት አለበት» ይሉ ነበር። ማሽኑ አታጥፉኝ የሚል ጽሑፍ ያወጣ እንደሆነ ደግሞ ማንም ሶኬቱን እንዳይነቅለው በሩ ላይ ዘብ ስለሚቆሙ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ «ሰውዬው አራስ ይጠብቃል፣ ዛሬ ቢሮው አይጠረግም» እያለች ታማቸው ነበር።

እውነተኛ ጥሪያቸው የተገለጠው ግን ኮምፒውተሮቹ በገመድ ተያይዘው በኔትወርክ መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ነገሩን ለማያውቀው ለቀስተኛ ለማስረዳት ያህል፣ በኔትወርክ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ይጋጩና ሥራ ይፈታሉ። ይህን ቁጥር ሰርቨር የሚባለው ዋና ማሽን በራሱ ያድላል፤ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ ቀጥሎ ለመጣው ይሰጣል። ሌላው ቴክኒሺያን ሁሉ በዚህ ተገላግሎ ሲኖር፣ የቦታ አስያዡ ልጅ ግን «ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያድር ቁጥር ምን ቁጥር ነው» ብለው፣ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በእጃቸው ሰጡ። አሰጣጡም እንደ ድግስ አቀማመጥ በዕድሜና በማዕረግ ሲሆን፣ ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ ሽማግሌው ሒሳብ ሹም ቀጥለው፣ ገንዘብ ተቀባዮቹ እንደ ዘመናቸው ተሰድረው፣ ሟች ራሳቸው ግን ኔትወርኩ ከሚይዛቸው ቁጥሮች የመጨረሻዋን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አራትን ያዙ፤ አጋፋሪ የሚቀመጠው እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው ብለው። ቅጽል ስማቸው የወጣውም ያኔ ነው።

በቤታቸውም እንዲሁ ነበር። ከቁጥሮቹ የመጀመሪያዋ የግድ ራውተር ለሚባለው መስመር አከፋፋይ ሳጥን ስለምትሰጥ፣ ባለቤታቸው ሁለተኛ የሆኑት ከፍቅር ጉድለት አለመሆኑን ሟች ብዙ ዘመን ሲያስረዱ ኖረዋል፤ ባለቤታቸውም እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁት አማታቸው እንኳ ሦስተኛዋ ቁጥር ለክብራቸው ተይዛላቸው ነበር። ይህን የሚያነበው አማችም ሰባተኛ የነበረ ሲሆን፣ በአንድ የቤተ ዘመድ ጭቅጭቅ ሰበብ ወደ ዘጠናዎቹ ወርዶ፣ ወደ ቀድሞ ክብሩ የተመለሰው በሠርጉ ዕለት ነው።

ችግሩ የመጣው ከጡረተኞቹ ነው። ሒሳብ ሹሙ ጡረታ ሲወጡ ቁጥራቸው ለተተኪው ይሰጥ ሲባል፣ ሟች «ሰውዬው በሕይወት እያለ?» ብለው ደነገጡ። ሒሳብ ሹሙ ሲሞቱ ደግሞ፣ ሙት ላይ መደራረብ ይብሳል ብለው እንደገና እንቢ አሉ። የመጋዘን ኃላፊው፣ የሾፌሮች አለቃ፣ አግብታ ከተማ የለቀቀችው ጸሐፊ፣ ሁሉም ቁጥራቸው ተከብሮላቸው ቆየ፤ ማንም ቢሆን ደጅ ወጣ አለ እንጂ ቀረ አልተባለም። እንዲህ ሲባል በዓመታት ውስጥ በኔትወርኩ ላይ ከሚሠሩት የተሰናበቱት በዙ። በመጨረሻም አንድ የወር መጀመሪያ ላይ፣ ሕዝቡ የውሃ ሒሳብ ሊከፍል ተሰልፎ ሰልፉ ከበር አልፎ አስፋልቱ ዳር ሲደርስ፣ ለአዲሷ ገንዘብ ተቀባይ ማሽን የሚሰጥ ቁጥር ጠፋ። ገንዘብ ተቀባይዋም በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ! ሙት ወንበር ይዞብኝ እኔ ቆሜ ልሥራ?» ብላ ጮኸች። ሟች ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ ወደ ቢሮአቸው ሄደው፣ የራሳቸውን ማሽን አጥፍተው፣ የራሳቸውን ቁጥር ለልጅቷ አመጡላት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ቴክኒሺያን ያለ ኮምፒውተር ሲሠሩ ከረሙ።

ይህ ወሬ ከአዲሷ የክፍል ኃላፊ ጆሮ ሲደርስ፣ ኃላፊዋ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ በመጨረሻም ቴክኒሺያን የሆነ ሁሉ የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያምጣ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያላመጣ ወደ ቆጣሪ መጋዘን ይዛወር የሚል ትእዛዝ አወጡ። ለሟች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የቆጣሪው መጋዘን ደመወዙ አይቀንስም፤ ግን የተሰበረ ቆጣሪ በርሜል ውስጥ እየወረወሩ መዋል ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን በቦታው ሲያስቀምጡ ለኖሩት ሰው የገዛ ቦታቸውን ማጣት ማለት ነበር። እንቅልፍ አጡ፤ ከሱ። የምሽት ትምህርትም ጀመሩ፤ ቤት ሲመለሱም ባለቤታቸው በልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው እየሰፉ ጥያቄ ያነቡላቸው፣ እሳቸውም በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈቱ ይመልሱ ነበር። የደንበኞች ልብስ ኪስ ውስጥ ብሎን እየተገኘ መታማት የጀመርነውም ያኔ ነው።

ምዘናው ሲደርስ ሟች ብቻዬን እፈራለሁ ስላሉ፣ ባለቤታቸው ለአጃቢነት ያህል አብረው ተመዘገቡ። በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ሟችን የሚስተካከል አልተገኘም፤ አልነሣም ያለውን ማሽን አስነሥተው፣ የጠፋውን ፋይል መልሰው፣ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። የኔትወርኩ ተራ ደርሶ ሰርቨሩን ቁጥር እንዲያድል አዘጋጅ ሲባሉ ግን፣ እጃቸው እንቢ አላቸው፤ ከማሽን ማሽን እየዞሩ ቁጥሩን በእጃቸው ሞሉ። ወደቁ። አጃቢዋ አለፉ።

እንግዲህ በዚያ ቤት የሆነውን ሁላችሁም ገምቱት። ሟች ለባለቤታቸው ምርጥ የመፍቻ ስብስብ ገዝተው፣ በሰው ፊት እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ስመው፣ ማታውን ራት ሳይበሉ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ቀልዱ አላስቀምጥ አላቸው። ይባስ ብሎ ኃላፊዋ ልብስ ስፌቱ ድረስ መጥተው፣ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ጠፍቷል፣ ለምን ቦታውን አንቺ አትይዢውም ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው የሚሰፉትን ኮት ሳያስቀምጡ፣ «የኔ እመቤት፣ የሱ ወንበር ላይ እኔ አልቀመጥም፤ ሰውዬው ደጅ ወጣ ብሎ ነው፣ ይመለሳል» አሉ። ሟች ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪ ሲለኩ ነበርና ይህንን ሰሙ፤ የሰሙትንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

ማታ ላይ ባለቤታቸው ያንን ሟች ሁልጊዜ ዘለው የሚያልፉትን የትምህርት ምዕራፍ ገልጠው ከፊታቸው አስቀመጡ። «አንተ'ኮ ተናደህ እስከ መጨረሻው አንብበኸው አታውቅም። ማሽኑ ለመጣው ሁሉ ያድላል፤ ግን ይቺ ቁጥር የእገሌ ናት፣ ቢኖርም ባይኖርም ለሌላ አትስጥ ብለህ ብታዝዘው ይታዘዛል። ቁጥሩ ሲያልቅም ሌላ ረድፍ ትከፍትለታለህ። አባትህስ አዳራሹ ሲሞላ ሰገነቱን ይከፍቱ አልነበር?» አሏቸው። ሟች ገጹን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያም «ይሄን ያህል ዘመን ማሽኑን ባለጌ አድርጌ አማሁት» አሉ፤ ራትም በሉ።

ሁለተኛው ምዘና ላይ ሰርቨሩን እንደ ተባሉት አዘጋጅተው፣ ማሽኖቹ ሁሉ ቁጥራቸውን ሲቀበሉ እንደ እናት አይተው፣ ሥራቸውን ከሰዓቱ በፊት ጨረሱ። ውጣ ሲባሉ ግን አልወጡም። ጥግ ላይ ወዳለ አንድ አሮጌ ማሽን አመልክተው፣ እዚህ ማን ነበር የሚቀመጠው ብለው መዛኟን ጠየቁ። መዛኟም የቀድሞው መዛኝ መሆናቸውን፣ ታመው ቤት ከዋሉ መሰንበታቸውን ሲነግሯቸው፣ ሟች ተመልሰው ተቀምጠው የማሽኑን ቁጥር በሰውዬው ስም አስከበሩ። መዛኟ ይህ ጥያቄው ውስጥ የለም ብለው ቢያስጠነቅቋቸው፣ «ጥያቄው ውስጥስ የለም፣ ሲድኑ ግን መምጣታቸው አይቀርም» ብለው መለሱ። ያለፉት በዚሁ ነው። መዛኟ ዛሬ ከመካከላችን ስለሚገኙ፣ በማርክ አሰጣጡ ላይ ጥያቄ ያለው ሰው ከሥርዓቱ በኋላ ራሳቸውን ማነጋገር ይችላል።

ወደ መሥሪያ ቤታቸው በተመለሱ ሳምንት ለአዲሶቹ ሁለተኛ ረድፍ ከፈቱ፤ የድሮዎቹን ሁሉ፣ ያሉትንም የሌሉትንም፣ በየስማቸው አስከበሩ፤ ገንዘብ ተቀባይዋም አዲስ ቁጥር አግኝታ የሟችን መለሰችላቸው። የቆጣሪው መጋዘን ቀረ። በክብር ጡረታ ከወጡ በኋላም፣ ከባለቤታቸው ልብስ ስፌት አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ከፍተው፣ ግድግዳው ላይ ሁለቱ የምስክር ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ የባለቤታቸው ወረቀት ቀኑ እንደሚቀድም ላላስተዋለ ደንበኛ ሁሉ ራሳቸው ባለቤታቸው እያሳዩት፣ በደስታም በጭቅጭቅም ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ።

ባለፈው ክረምት የልብ ሕመም ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። እዚያም የአልጋ እጥረት ስለነበር ከክፍል ክፍል ሲያዘዋውሯቸው፣ አድራሻዬ ጠፋ እያሉ አማርረዋል፤ አዲስ አልጋ ላይ ከመተኛታቸውም በፊት፣ እዚህ የነበረው ሰው የት ሄደ፣ ተመልሶ ይመጣል ወይ ብለው ነርሷን ሳይጠይቁ አልተኙም። ነርሷም ድኖ ቤቱ ገባ ስትላቸው፣ እሰይ ብለው ተኙ። እያንዳንዱ አልጋ ላይ የነበረው ሰው ድኖ ቤቱ መግባቱ የማይመስል ነገር ቢሆንም፣ ነርሷን ስለ ደግነቷ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ሕክምናው አልሆን ብሎ እየደከሙ ሲሄዱም፣ ባለቤታቸው ወንበር ስበው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሂጂ እረፊ ብንላቸው፣ «የታመመ ሲነቃ አጠገቡ ሰው ማየት አለበት» ብለው አልነሣም አሉ። ሟች በመጨረሻዋ ጧት ነቁ፤ ባለቤታቸውንም አዩ፤ እጃቸውንም ይዘው እንደ ገና ተኙ። እኛም ሁላችን እንደ ልጅ አለቀስን።

ሟች ባለቤታቸውን፣ መድኃኒት ቀማሚ ሴት ልጃቸውንና ሾፌር ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት ታናሽ እህትን፣ ይህን ያነበበውን ሰባተኛ አማችና ቁጥር የሰጧቸውን እጅግ ብዙ ሰዎች ትተው አልፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ትናንት ወንድ ልጃቸው በሱቁ ውስጥ አዲስ ማተሚያ ሲያገናኝ፣ የሱቁ ሰርቨር ለማተሚያው ሁለት መቶ ሃምሳ አራትን፣ በሱቁም የሟች የነበረችውን ቁጥር፣ ሰጠው። ለካ ሟች የሁላችንንም ቁጥር በየስማችን ሲያስከብሩ፣ እንግዳው ሁሉ እስኪቀመጥ ብለው የራሳቸውን ትተውት ኖሯል። ልጁም ሌላ ባዶ ቁጥር እያለ ምን ቸገረን፣ ይሁን ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ ባለቤታቸው ከለቅሶው መካከል ተነሥተው መጡ። ማተሚያውን ከቁጥሩ አስነሥተው ሌላ ቦታ ሰጡት፤ ከዚያም በተመሰከረለት እጃቸው ያቺን የመጨረሻ ቁጥር በባላቸው ስም አስከበሩ። ልጃቸው፣ እማዬ፣ አባባ'ኮ ከእንግዲህ አይቀመጥበትም ሲላቸው፣ «አውቃለሁ። ደጅ ወጣ ብሎ ነው፤ አትንኩበት» አሉት።

ሁሉን በየቦታው የሚያስቀምጥ አምላክ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሰው ቦታ ሲይዙ የኖሩትን እኚህን ሰው ቆመው አያስቀራቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።